ጠያቂው ማን ነበር? ከመከራ የተረፉ የወለጋ ሰዎች ምስክርነትና የትምህርት ቤቶቻችን ድርሻ

ከታላቅ መከራ ተርፎ የኖረ ሰው ያየውንና የደረሰበትን ለተከታዩ ትውልድ ሲናገር፣ ቃሉ ከሌላ ምንጭ የማይገኝ ዕውቀት እንደሚሰጥ የሚጠራጠር መምህር የለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን አይሁዶችን ከፈጁበት ጭፍጨፋ የተረፉ ሰዎች በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች እየተገኙ ለተማሪዎች የመናገራቸው ልማድ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በአገራችን ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ሽማግሌዎች ሳያልፉ ታሪካቸው ይመዝገብ በሚል ጥሪ መልክ ነው። ጥሪው መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ዋና ነገር ይዘላል። ምስክርነት የተናጋሪው ሥራ ብቻ አይደለም። ማን እንደ ጠየቀው፣ በምን ቋንቋ እንደ ተናገረ፣ ለማን ብሎ እንደ ተናገረ፣ እነዚህ ሁሉ የሚነገረውንና የሚቀረውን ይወስናሉ።

ከወለጋና ከአካባቢው የተገኙ፣ በተለያየ ዘመን የተነገሩ የምስክርነት ጽሑፎች አሉን። እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው የሚታዘበው ነገር አለ፤ ተናጋሪዎቹ የአገሩ ልጆች ሲሆኑ ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ከሩቅ የመጡ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጽሑፎቹን ማመስገን ሳይሆን፣ እያንዳንዱ የተነገረበት መልክ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳስቀረ መርምሮ ጉዳዩን ከነቀምቴ የመማሪያ ክፍል አንጻር መመዘን ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቀሰው ለባርነት ተሸጠው የነበሩ ልጆች ቃል ነው። በመስከረም 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1888) ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ባሪያ ጭነው ወደ ዐረብ አገር የሚሻገሩ ጀልባዎችን በቀይ ባሕር ላይ ያዘች። ከጀልባዎቹ የተገኙት 204 ሰዎች ሲሆኑ ብዙዎቹ ከኦሮሞ አገሮች የተወሰዱ ልጆች ነበሩ። ከኤደን አጠገብ ሼክ ኦስማን በተባለው ስፍራ በነበረው የስኮትላንድ ሚስዮን ከቆዩ በኋላ ስድሳ አራቱ፣ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፣ በነሐሴ 1882 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ደረሱ። ሚስዮናውያኑ እያንዳንዱን ልጅ በአስተርጓሚ ጠይቀው የሰጠውን መልስ ጻፉ። ደቡብ አፍሪካዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ሳንድራ ሮዎልት ሼል እነዚህን ቃሎች መሠረት አድርገው በ2018 እ.ኤ.አ. ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል።

የልጆቹ ቃል አጭር ነው። የአባትና የእናት ስም፣ የወንድምና የእኅት ቁጥር፣ የቤተ ሰቡ ከብትና መሬት፣ ልጁን ማን እንደ ያዘው፣ ስንት ጊዜ እጅ ለእጅ እንደ ተሸጠ፣ በየትኞቹ ስፍራዎች እንዳለፈ ይዘረዝራል። ሁሉም የተጠየቁት ተመሳሳይ ጥያቄ ስለ ሆነ ቃላቸውን ማነጻጸር፣ መቁጠር፣ በካርታ ላይ ማስፈር ይቻላል። ባሪያ ፈንጋይን፣ ነጋዴንና መንገድን በሕፃን ዓይን የሚያሳይ እንዲህ ያለ የተሟላ መዝገብ በአህጉራችን ብዙ አይገኝም። ይሁን እንጂ መጠይቅ የጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። ልጁ ከእናቱ እጅ ሲነጠቅ እናቱ ምን እንዳለችው፣ በጉዞ ላይ አብሮት የነበረው ልጅ ሲደክም ምን እንደ ተደረገ፣ ጠያቂው ካላነሣው ልጁ በራሱ ተነሣሥቶ የሚናገርበት ቦታ አልነበረውም። ተናጋሪው ሕፃን፣ ጠያቂው ደግሞ ነጻ ያወጣው ወገን መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ እንዲህ ባለው ግንኙነት ውስጥ ሕፃን የሚሰጠው መልስ ከምስጋና ተለይቶ አይታይም።

ከእነዚህ ልጆች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ነበረች። ቢሾ በደቡብ አፍሪካ አድጋ፣ አግብታ፣ ልጆች ወልዳ ኖረች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር በአፓርታይድ ዘመን በሮበን ደሴት ለዐሥር ዓመት የታሰረና ኋላም በቋንቋና በትምህርት ፖሊሲ ጥናት ስሙ የገነነ ሊቅ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ዐርፏል። በልጅነቱ አያቱ ማንም በማይገባው ቋንቋ ለብቻቸው ሲያነበንቡ ይሰማ እንደ ነበርና፣ እናቱ አያትህ ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገሩ ነው እያለች ትነግረው እንደ ነበር ኔቪል ራሱ ተርኳል። የአያቱን ታሪክ ያወቀው ወደ ጉልምስና ሲቃረብ ነው። አንድ ሰው በጽሑፍ ተመዝግቦ፣ ቃሉ በመዛግብት ቤት ተጠብቆ፣ በገዛ ቤቱ ግን ያልተሰማ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። የቢሾ ቃል ለሚስዮናውያን መዝገብ ደረሰ፤ ቋንቋዋ ግን ለልጅ ልጇ አልደረሰም። ኔቪል አሌክሳንደር ዕድሜውን በሙሉ ልጆች በእናታቸው ቋንቋ እንዲማሩ መከራከሩን የትምህርት ዕቅድ አዘጋጂዎቻችን ሊያስተውሉት ይገባል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ በእጅጉ የተለየ ነው፤ በወለጋ ምድር የተፈጸመም ነው። ኦኔስሞስ ነሲብ በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ እየተሸጠ ምጽዋ ከደረሰ በኋላ በ1870 እ.ኤ.አ. ነጻ ወጥቶ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን አደገ። አስቴር ጋኖም ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ ስትጓዝ በ1886 እ.ኤ.አ. ከመርከብ ነጻ ወጥታ በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገባች። ሁለቱ በመተባበር ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ በ1894 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል እዚያው ታተመ። መጽሐፉ የተሞላው አስቴር በቃሏ ይዛው ከነበረው ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ነው፤ ከሕፃንነት ትዝታዋ ያሰባሰበችው አምስት መቶ ያህል እንደ ነበር ይነገራል። ሁለቱም በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ። ኦኔስሞስ በዚያው በነቀምቴ በ1931 እ.ኤ.አ. ዐረፉ፤ አስቴር እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ኖረዋል።

የአስቴርን መጽሐፍ እንደ ምስክርነት ማንበብ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይመስለው ይሆናል፤ በውስጡ ስለ ባሪያ ነጋዴ የሚተርክ የሕይወት ታሪክ አይገኝምና። እኔ ግን ምስክርነት ነው እላለሁ። የተሸጠች ሕፃን ሁሉን ስታጣ ያልተወሰደባት ነገር ምን እንደ ሆነ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል፤ የተናገረውም ለሩቅ ሰው ሳይሆን ኦሮምኛ ለሚናገር ልጅ ነው። ተናጋሪዋ መምህርት፣ አድማጩ ተማሪ፣ ቋንቋው የሁለቱም ነበር። በአንጻሩ ይህ መልክ ያስቀረውም ግልጽ ነው። ተማሪው እንቆቅልሹን ሲያነብ፣ መምህርቲቱ እንዴት ከቤቷ እንደ ተወሰደች፣ ሻጮቹ እነማን እንደ ነበሩ፣ ከሻጮቹ ውስጥ የአገር ሰዎች እንደ ነበሩበት ከገጹ ላይ አያገኝም። ባርነት ከቤታችን ደጃፍ የተጀመረ መሆኑን ለሕፃናት መንገር እስከ ዛሬ የምንሸሸው ነገር ነው።

በአገራችን የተለመደው የመከራ ዘመን ትረካ ግን ከሁለቱም ይለያል። ፉከራውም ቀረርቶውም፣ በኦሮሞም ዘንድ ገራርሳው፣ ለጀግና የተሰጡ መልኮች ናቸው። የጥቁር አንበሳ ጦር አባላት በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አቅራቢያ በቦነያ ያረፉትን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በሌሊት ከበው ሲያቃጥሉ፣ ጄኔራል ማሊዮኮና የታወቀው አውሮፕላን ነጂ ሎካቴሊ ከተገደሉት መካከል ነበሩ፤ ከመጡት ኢጣሊያውያን የተረፈው አንድ ቄስ ብቻ ነው። ከዘማቾቹ አንዱ የነበሩት ታደሰ ሜጫ ስለዚሁ ጦር የጻፉትን መጽሐፍ በ1943 ዓ.ም. አሳትመዋል። በየዓመቱ በሚያዝያ 27 አርበኛ ተጋብዞ ለተማሪ ሲናገርም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። መንገዱ ተማሪን ያነሣሣል፤ ክብሩም የሚገባው ነው። ነገር ግን ተኩሶ ላልጣለ፣ ተደብድቦና ተርቦ ብቻ ለተረፈ ሰው በዚህ ትረካ ውስጥ ቦታ የለም። ለሞተ ሙሾ አለን፤ ለገደለ ፉከራ አለን፤ ተሰቃይቶ በሕይወት ለተመለሰ ሰው የሚሆን የትረካ መልክ ግን ባህላችን በስፋት አላዘጋጀም። ብዙዎች ዝም የሚሉት ረስተው ሳይሆን የሚናገሩበት መልክ በማጣት መስሎ ይታየኛል።

የወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳ ምስክርነት ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ባለቤታቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ በወለጋ ቦጂ ተወልደው በነቀምቴ ሆስፒታል ሠርተዋል፤ በነቀምቴም ቄስ ሆነው አገልግለዋል። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደርግ ሰዎች ተወስደው ተገደሉ፤ ዐፅማቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። ወይዘሮ ጸሐይ በ1980 እ.ኤ.አ. ታስረው፣ ከባድ ስቃይ ተፈጽሞባቸው፣ ያለ ፍርድ ዐሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1989 እ.ኤ.አ. ተለቀቁ። ታሪካቸውን የተናገሩት ለኖርዌያዊቷ ለአውድ ሴቨሮስ ነው። መጽሐፉ አስቀድሞ በአውሮፓ ታተመ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ሁለቱ ባልና ሚስት በተዘጋጀ መጽሐፍ ውስጥ በእንግሊዝኛ ወጣ። ወይዘሮ ጸሐይ በ2014 እ.ኤ.አ. ዐርፈዋል።

የዚህ ትረካ ጥንካሬ በመልኩ ነው። ከላይ የተጠቀሰውን የመልክ ችግር ወይዘሮ ጸሐይ የፈቱት በቤተ ክርስቲያን ልማድ ነው። በወንጌላውያን ጉባኤ ምስክርነት ማለት አንድ አማኝ እግዚአብሔር ያደረገለትን በሕዝብ ፊት ቆሞ መናገር ነው፤ ቃሉ ከፍርድ ቤት ተወስዶ ወደ ጉባኤ የገባ ነው። የእንግሊዝኛው ርእስም በትንቢተ ዳንኤል ከተነገረው የእሳት እቶን የተወሰደ ነው። ይህ መልክ ለተደበደበች፣ ለተዋረደች፣ ባሏን ላጣች ሴት የመናገሪያ መድረክ ሰጠ፤ ጀግና ነኝ ሳትል፣ ተሸነፍሁም ሳትል እንድትናገር አስቻላት። በዘመኑ ከታሰሩ ሴቶች ውስጥ ስንቶቹ ይህንን መድረክ እንዳላገኙ ሲታሰብ የመልኩ ዋጋ ይበልጥ ይታወቃል።

ያም ሆኖ ይህ መልክ የራሱ ገደብ አለው። የእምነት ምስክርነት ወደ ማዳን ያመራል፤ እቶኑ ውስጥ አራተኛው መታየቱ አይቀርም። ከእቶኑ ያልወጡት፣ ወጥተውም እምነታቸው የተሰበረው፣ በዚህ ትረካ ጠርዝ ላይ ይቀራሉ። ሁለተኛው ገደብ ከጠያቂዋ ጋር የተያያዘ ነው። ሴቨሮስ በቅንነትና በፍቅር እንዳዳመጡ አያጠራጥርም፤ ባይጠይቁ ኖሮ መጽሐፉ አይኖርም ነበር። ነገር ግን ለባዕድ አንባቢ የሚነገር ታሪክ በቅድሚያ አገሩን ማስተዋወቅ፣ መንግሥቱን ማስረዳት ይኖርበታል። የነቀምቴ ተማሪ ቢጠይቃቸው ኖሮ የሚያነሣው ሌላ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ማን ነበር? ጠቋሚው የማን አባት ነው? ከእስር ሲመለሱ ሰላምታ የነፈገዎት ጎረቤት አለ? ዛሬስ ከእርሱ ጋር ቡና ትጠጣላችሁ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ከዚያው የተወለደ ሰው ብቻ ነው፤ መልሱም ለዚያው ሰው ብቻ የሚሰጥ ነው። ከባዱ ዕውቀት ያለውም እዚህ ላይ ነው።

የጠያቂው ማንነት ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ከሆሎኮስት ምስክሮች አንዱን፣ ኢጣሊያዊውን ኬሚስት ፕሪሞ ሌቪን መመልከት ይጠቅማል። ሌቪ ከአውሽቪትዝ ተርፎ በ1947 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ የታተመው በ2,500 ቅጂ ብቻ ነበር፤ የታወቀ ማተሚያ ቤት አልቀበልም ብሎት ነበርና። በዚያ ዘመን የተረፉትን ለመስማት የፈለገ ጥቂት ነው። በእስራኤል እንኳ የተረፉት ቃል አደባባይ የወጣው በ1961 እ.ኤ.አ. በአይክማን ችሎት ከመቶ በላይ ምስክሮች ከተሰሙ ወዲህ ነው። የሌቪ መጽሐፍ በ1958 እ.ኤ.አ. እንደገና ከታተመ በኋላ የትምህርት ቤት ንባብ ሆነ፤ ሌቪም በየትምህርት ቤቱ እየተጋበዘ ከተማሪዎች ጋር ተወያየ። በ1976 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤት እትሙ ባዘጋጀው ተጨማሪ ክፍል፣ ተማሪዎች ደጋግመው ያቀረቡለትን ጥያቄዎች ሰብስቦ መልስ ሰጠባቸው። ጀርመኖች ያውቁ ነበር ወይ? እስረኞች ለምን አላመፁም? ጀርመኖችን አይጠሉም ወይ? ይህ ክፍል ዛሬ ከመጽሐፉ ተለይቶ አይታይም። በእኔ አስተያየት ልጆቹ ጠያቂዎች በመሆናቸው መጽሐፉ ሁለተኛ ጊዜ ተጻፈ። ጀርመኖች ያውቁ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ የነቀምቴው ተማሪ ስለ ጎረቤት ከሚያነሣው ጥያቄ ጋር አንድ መሆኑን አንባቢ ይገነዘባል።

በአገራችን የተረፉ ሰዎች በብዛት የተሰሙበት መድረክ ችሎት ነው። በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ በተሰጠበት የደርግ ባለ ሥልጣኖች ክስ ብዙ ምስክሮች ቀርበዋል። ችሎት ቀኑን፣ ስፍራውን፣ የተከሳሹን ስም ይፈልጋል፤ ሌላውን አያዳምጥም፤ ሥራውም አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ከዚህ ይሻላል። ከሽብሩ የተረፉ ሰዎች ራሳቸው አስጎብኚ ሆነው ጎብኚውን ስለሚያነጋግሩ፣ ልጅ ቢጠይቃቸው የሚመልሱ ሰዎች ናቸው። ግን ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከደምቢ ዶሎ፣ ከነጆ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚደርስ ስንት ተማሪ ነው?

እንግዲህ ትምህርት ቤቶቻችን ሊሠሩት የሚችሉት ምንድን ነው ሲባል፣ በመጀመሪያ የቋንቋና የፊደል ጉዳይ ይነሣል። የአስቴርና የኦኔስሞስ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ተጽፏል፤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኦሮምኛ ትምህርት በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ይሰጣል። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት ለነቀምቴ ልጅ ታስቦ የተጻፈው ንባብ ለዛሬው የነቀምቴ ልጅ በሁለት ፊደል ጎን ለጎን ካልቀረበለት በቀር እንደ ባዕድ ጽሑፍ ይቀርበታል። ይህ ለሥርዐተ ትምህርት አዘጋጂዎች የሚቀል ሥራ ነው። የላቭዴል ልጆች ቃልም በእንግሊዝኛ ብቻ መቅረት የለበትም፤ አጫጭር በመሆኑ ለስምንተኛና ለዘጠነኛ ክፍል ንባብ ይስማማል።

ሕያዋን ምስክሮችን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን ታስረው የነበሩ የወለጋ ሰዎች ዛሬ አረጋውያን ናቸው። አረጋዊን ጠርቶ በስድስት መቶ ተማሪ ፊት ማይክሮፎን ማስጨበጥ ንግግር ያስገኛል እንጂ ምስክርነት አያስገኝም። አምስት ወይም ስድስት ተማሪዎች አስቀድመው ጥያቄያቸውን ጽፈው፣ መምህሩ አይቶላቸው፣ ከሽማግሌው ቤት ሄደው ቢጠይቁ ይሻላል፤ ሽማግሌው በመረጡት ቋንቋ፣ አልመልስም ያሉትን ሳይጫኑ። የተናገሩት ብቻ ሳይሆን የተጠየቁትም በጽሑፍ ይያዝ። ያለዚያ የሚቀጥለው አንባቢ ዝምታቸው የእርሳቸው ይሁን የጠያቂው አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ምስክሩ ራሱ ተማሪ የሆነበት ሁኔታ ነው። በሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ በተባለው ስፍራ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተገድለዋል፤ አብዛኞቹ በዚያ የሚኖሩ የአማራ ተወላጆች ነበሩ። ወለጋ ውስጥ ካለፉት ዓመታት ግጭት የተረፉ፣ ዘመድ ያጡ፣ የተፈናቀሉ ልጆች ኦሮምኛ ተናጋሪም አማርኛ ተናጋሪም ናቸው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡም ይኖራሉ። መምህር እንዲህ ያለውን ልጅ ያየኸውን ለክፍሉ ንገር ሊለው አይገባም። የላቭዴል ልጆች የተጠየቁት መልስ መከልከል በማይችሉበት ዕድሜና ሁኔታ ነበር፤ ያንን መድገም አይሆንም። ልጁ ራሱ ሊናገር ሲመጣ ግን መምህሩ ጊዜና የተዘጋ በር ሊኖረው ይገባል፤ በእናቱ ቋንቋ የሚሰማው ሰው ከሌለም እንዲህ ያለ ሰው መፈለግ የርእሰ መምህሩ ሥራ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ይህ ዐይነቱ ማዳመጥ በተለይ ሊሰጥ ይገባዋል፤ እስከዚያው ግን ልምድ ያላቸው መምህራን ለአዲሶቹ ሊያሳዩት ይችላሉ።

የአረጋውያኑ ቃል የሚሰበሰብባቸው ትምህርት ቤቶች የመቅጃ መሣሪያ ባይኖራቸውም ደብተር አያጡም። የተጻፈው ለተናጋሪው ተነቦ፣ ተናጋሪው ያስወጣው ወጥቶ፣ በሦስት ቅጂ ይገልበጥ። አንዱ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ አንዱ ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ ይላክ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ ቀድሞ ለተናጋሪው ቤተ ሰብ ይሰጥ።